ከግሸን ሥር ሆኖ «ደህና ነን» ለማለት



ፈተናው እያለቀ ነው። በቅርቡ ሁላችንም ሻንጣችንን ሸክፈን ወደየመጣንበት እንበተናለን። አንዳንዶቻችሁ ቤት እንደገባችሁ ስልክ አንስታችሁ «ደርሻለሁ» ትላላችሁ፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኛ ግን ከአምባሰል፣ ከግሸን አምባ ሥር ካሉት መንደሮች የመጣን ልጆች ነን። በአንድ መድረሳ ቁርኣን የቀራን፣ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወንበር የተጋራን፣ ዛሬም በአንድ የምህንድስና ክፍል የተገናኘን ሦስት የአገር ልጆች። ለእኛ «ደርሻለሁ» የምትለው ቃል ዳገት ታስወጣለች። ስለዚህች ቃል ነው ልንጽፍላችሁ ያሰብነው። ቃሏ በጊዜዋ ስትደርስ ምን እንደምታሳርፍ፣ ሳትደርስ ስትቀር ምን እንደምታደርግ በቤታችን አይተናልና።

የአምባው ገደልና የስልክ መስመር

ግሸንን ስሙን ያልሰማ የለም። መስከረም 21 በመጣ ቁጥር ከየአገሩ የሚተመው ክርስቲያን ወገናችን በእኛ መንደር በኩል ያልፋል። ያን ሰሞን እናቶቻችን እንስራ ሞልተው መንገድ ዳር ያስቀምጣሉ፤ የመንገደኛን ጥማት ማርካት ሃይማኖት አይጠየቅበትም። በታሪክ ክፍል የተማርነው ግሸን ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይሻሙ ከሰው ተለይተው የሚጠበቁበት አምባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ተራራው ጠባቂዎችና ማንም እንዳይጠጋ ስለመከልከሉ ጽፏል። ያኔ አምባው የተመረጠው ሰው ብቻ ሳይሆን ወሬም እንዳይወጣና እንዳይገባ ነው። ዛሬ ጠባቂዎቹ የሉም፤ ገደሉ ግን የድሮ ሥራውን አልተወም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከኔትወርክ ታወር የሚወጣው ሞገድ በአብዛኛው ቀጥታ ነው የሚጓዘው። በመካከል ተራራ ከቆመበት ከተራራው ጀርባ ያለው ቆላ ጥላ ውስጥ ይቀራል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሸለቆው ቀድሞ እንደሚጨልመው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። የመንደራችን ሰው ከመስጂዱ በላይ ያለችውን ዋርካ አልፎ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲቆም ሁለት መስመር እንደሚያገኝ ያውቃል። ድንጋዩ ላይ ቆሞ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ካለ ይጠፋበታል። ሚስኮሉም ቋንቋ አለው። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተዘጋ «ደርሰናል» ነው፤ ሁለት ጊዜ ከጠራ «እናንተ ደውሉልን» ነው። ፊደል የማትለይ እናት ይህን ቋንቋ ከእኛ በተሻለ ታነበዋለች።

ዝምታውን ከሁለቱም ወገን

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅን አልፎ ደሴ ሲደርስ ስልኩ ድርግም አለ። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ሁለታችን ከቤተሰብ ጋር አምባው ሥር ነበርን፤ አንዳችን አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ነበር። ስለዚህ ያንን ዝምታ ከውስጥም ከውጭም እናውቀዋለን፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም።

ከውስጥ ላለው ሰው ጭንቀቱ የሚዳሰስ ነበር። ዱቄት፣ ጨው፣ መድኃኒት፣ ማታ ማታ የሚሰማ ተኩስ። በሕይወት መኖሩን ግን ያውቃል፤ አጠገቡ ማን እንዳለ ያያል። ውጭ ያለው ጠግቦ ይበላል፣ በሰላም ይተኛል፤ ዳሩ ግን የሚያየው ነገር የለውም። ያልታየውን ሁሉ ልብ ይሞላዋል። አዲስ አበባ የነበረው ጓደኛችን ቀን በቀን የማይሠራ ቁጥር ይደውል ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ሰው «አባቱ ሞቷል ተብሏል» የሚል ወሬ ይዞ መጣ። ማን እንዳየ፣ የት እንደተባለ የጠየቀ የለም። አጎቱ ቤት ተዕዚያ ተቀመጡ፤ ጎረቤት ቡናና ዳቦ ይዞ መጣ፤ ሦስት ቀን ተለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ በእግርም በመኪናም አድርጎ የወጣ አንድ ነጋዴ ከደብተር የተቀደደች ወረቀት አመጣ። የአባትየው እጅ ጽሑፍ ነበረች። በላይዋ የተጻፈበት ቀን አለ፤ የቀበሌው ስም አለ፤ የቤተሰቡ አባላት በስም ተቆጥረው ከእያንዳንዳቸው ጎን «ደህና» ተብሏል። የአያትየው ስም ሲደርስ «ወደ አኼራ ሄደዋል፣ በሕመም ነው፣ አፈር አልብሰናል» ይላል። እንግዲህ ለቆመው ሰው ሦስት ቀን ተለቅሶ፣ የሞቱት ሽማግሌ ለሃያ ስድስት ቀን ሳይለቀስላቸው ቀርተዋል። ጓደኛችን የሩቅ ሟች ሶላት ይሰግድ እንደሆነ ኡስታዙን ጠየቀ፤ ኡስታዙም የመዝሀቦቹን ልዩነት አስረድቶ ሰደቃና ዱዓ እንዲያደርግላቸው መከረው። ቁርኣን ያስጀመሩትን አያቱን ጀናዛ ሳይሸኝ ቀረ። ይህን ማንም ሊመልስለት አይችልም።

ስልኩ በኋላ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ አልሐምዱሊላህ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደቆየ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ዝምታ አንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ አይደለም፤ ደጋግሞ ይመጣል።

ከሰማይ የምትላክ አጭር ቃል

የኮሙኒኬሽን ትምህርት ስንጀምር የሳተላይት መልእክት መላኪያ የምትባለውን መሣሪያ ከሌላው ሁሉ አስበልጠን የተከታተልነው ለዚህ ነው። ተራራ የሚወጡ፣ በረሃ የሚያቋርጡ፣ በጀልባ የሚጓዙ ሰዎች የሚይዟት ናት። ከትንንሾቹ አንዳንዶቹ መቶ ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ታወር አትፈልግም። ቦታዋን በጂፒኤስ ታውቃለች፣ አጭር ጽሑፍ ትልካለች፣ መልስም ትቀበላለች። ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ከ160 ፊደል አይበልጥም። «ደህና ነን»፣ «ዘግይተናል» የሚሉ ቃላት አስቀድመው ተዘጋጅተው በአንድ ጫና ይላካሉ። ለክፉ ቀን ደግሞ ክዳን ያላት የአደጋ ቁልፍ አለች።

ብዙዎቹ የሚሠሩት በኢሪዲየም ሳተላይቶች ነው። በስድስት መስመር፣ በየመስመሩ አሥራ አንድ ሆነው፣ በጠቅላላው 66 ሳተላይቶች 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከዋልታ ዋልታ ይዞራሉ። አንዷ ምድርን ለመዞር መቶ ደቂቃ ያህል ይበቃታል፤ ስለዚህ ከአንድ ሰው ራስ በላይ የምትቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ለተከታይዋ ታስረክባለች። መስመሮቹ ሁሉ ዋልታ ላይ ስለሚገናኙ እዚያ ይጠጋጋሉ፤ ወደ ምድር ወገብ ሲመጡ ይራራቃሉ። እኛ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። በዚያ ላይ ገደሉ ግማሹን ሰማይ ከሸፈነው መልእክቷ ሳተላይቷ ክፍቱ ሰማይ ላይ እስክትደርስ ትጠብቃለች። ትዘገይ ይሆናል እንጂ በዚህ ምክንያት አትጠፋም።

ሌላው መንገድ ቱራያ ነው። መቀመጫው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የሆነ የሳተላይት ስልክ ድርጅት ነው፤ ስሙ በዓረብኛ የከዋክብት መንጋ ስም ነው። በመካከላችን ሱረያ የምትባል እህት ያላት ሁሉ ስሙን በቤቱ ይጠራዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመጠቀችው ሁለተኛዋ ሳተላይቱ የተቀመጠችው በምድር ወገብ ላይ፣ በ44 ዲግሪ ምሥራቅ፣ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር ባለችበት የቆመች ትመስላለች። ድምፅ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይወስዳል።

አንድ ማታ ከግሸን ሆነን ብናይ የት ትሆናለች ብለን ሠራነው። ግሸን በግምት 11.5 ዲግሪ ሰሜን፣ 39.3 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ሳተላይቷ ከአድማስ 75 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ፣ ከደቡብ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ተገኘች። ይህ ለገደል አገር ትልቅ ዜና ነው፤ ራስ አናት አጠገብ ያለችውን ግድግዳው በቀላሉ አይከልላትም። ቀመሩን ስናየው ደግሞ የምናውቀው ሆነ። መድረሳ እያለን ኡስታዛችን የቂብላን አቅጣጫ በሁለት ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዴት እንደሚያወጡት አሳይቶን ነበር። መካ 39.8 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆነች የእኛ ቂብላ ሰሜን ነው ለማለት ይቻላል። ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አል ቢሩኒ የጋዝናን ቂብላ ለማግኘት የተጠቀመበት የክብ ሂሳብና ዛሬ መሐንዲስ አንቴና የሚያዞርበት ሂሳብ አንድ ቤተሰብ ናቸው። በግሸን ሥር ለሶላት የቆመ ሰው ቂብላን ሲቀጣጭ ሳተላይቷ ከኋላው፣ ከቀኝ ትከሻው በላይ ትሆናለች። መድረሳውና የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ሁለት የማይገናኙ ዓለሞች እንደሆኑ ለሚነግሩን ሰዎች ይህችን ስሌት እናሳያቸዋለን።

ስለ አደጋ ቁልፍ አንድ ነገር እንጨምር። ለመርከብ፣ ለአውሮፕላንና ለእግረኛ የአደጋ ጥሪ የሚቀበለው ኮስፓስ ሳርሳት የሚባለው ሥርዓት ሲጀመር ስምምነቱን ያደረጉት ካናዳ፣ ፈረንሳይ፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ናቸው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1979 ነው። የኑክሌር ሚሳይል ደግነው የሚተያዩ መንግሥታት የጠፋ ሰውን ጥሪ አብሮ በመስማት ላይ ተስማሙ። ይህን ስናነብ የእኛን አገር አሰብን። ሰው በሁሉም ነገር ቢለያይ እንኳ የእናትን ጥያቄ መመለስ ላይ መስማማት ይቻላል ማለት ነው።

ግዙልን አትበሉ

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲህ አንዷን እናስመጣ» ሊል ይችላል። አንድ ጓደኛችን ጅዳ ያለች እህቱን ሊያስልክ አስቦ ነበር። አደራ! በአገራችን የቴሌኮም መሣሪያ ያለ ፈቃድ ማስገባትና መጠቀም በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ከባድ እስራት ያስከትላል። ዘርፉን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዋጋውም ለተማሪ አይደለም፤ መሣሪያው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፣ በየወሩም ክፍያ አለው። ዘመዳችሁን በመልካም ሐሳብ ወንጀል ውስጥ አታስገቡ።

በፈቃድ የሚሠሩበት ግን አሉ። ትግራይ ውስጥ ስልክ በተቋረጠበት ዘመን ቀይ መስቀል ሰዎችን በሳተላይት ስልክ ከቤተሰባቸው ሲያገናኝ ነበር፤ ስልክ በማይደርስበት ደግሞ የቤተሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍባት፣ ሳትታሸግ የምትሄድ አጭር መልእክት በእጅ ያደርሳል። ይህን ያነሳነው ከእኛ ብዙዎቹን ስለሚነካ ነው። ከሐይቅና ከአምባሰል ወጥተው በጅቡቲ፣ በኦቦክ አድርገው፣ ባሕር ተሻግረው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ የሄዱ ወንድሞችና እህቶች አሉን። ድምፃቸው የጠፋ አሉ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፋ ቤተሰብ የማገናኘት አገልግሎት አለው፤ ከእናንተ መካከል እንዲህ ዓይነት ሐዘን ያለበት ቤት ካለ በአቅራቢያችሁ ያለውን ቅርንጫፍ ጠይቁ።

ያለ ሳተላይት የሳተላይትን ሥርዓት

መሣሪያዋን ስናጠና የገባን ትልቁ ነገር ከብረቱ ይልቅ ሥርዓቱ ነው። ማን እንደሚቀበል ይታወቃል፤ በየስንት ሰዓቱ እንደሚላክ ይታወቃል፤ ቃሉ አጭር ነው፤ ቀንና ቦታ አለው፤ ካልመጣ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ተወስኗል። ያች ከደብተር የተቀደደች ወረቀት እነዚህን አብዛኞቹን አሟልታ ነበር፤ ሊቃወሟት ያልቻሉትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ወደ አገር ስንሄድ በተራ ስልክ ሞከርነው።

ከመውጣታችን በፊት የምንሄድበትን መንገድ፣ የምንሳፈርበትን ቀን፣ የምናድርበትን ቤት በወረቀት ጽፈን ደሴ ላለች ለአንዳችን ታላቅ እህት ሰጠናት። ተቀባይ አንድ ሰው ብቻ ይሁን አልን፤ ሁሉም የሚጠይቀው እሷን ነው። ሰዓቱን በሶላት አሰርነው። በየቀኑ ከዐስር በኋላ አንዳችን ድንጋዩ ላይ ይወጣል፣ ስልኩን ይከፍታል፣ መልእክቱን ይልካል፣ ይዘጋል። ባትሪም ይተርፋል። መደወል ትተን ጽሑፍ ብቻ ላክን፤ የጽሑፍ መልእክት ደካማ መስመር ይበቃዋል፣ ተቀባዩ ስልክ ዝግ ቢሆንም ማዕከሉ ይዞ ቆይቶ ያደርሳል። ቃሉም ቁጥር ነበር። 1 ማለት «ሁላችን ደህና ነን»፣ 2 ማለት «ደህና ነን፣ መንገድ ዘገየ»፣ 3 ማለት «ሰው ላኩ»። ማንበብ የማትችል እናትም አንድንና ሦስትን ትለያለች።

ከሁሉ የጠቀመን የዝምታው ሕግ ነው። አንድ ቀን ቢያልፍ አትጨነቂ፤ ሁለት ቀን ቢያልፍ ውጫሌ ያለውን ዘመድ ደውለሽ ጠይቂ፤ ሦስተኛው ቀን ሰው ይላክ። ከዚያ በፊት ለቤተሰብ ክፉ ወሬ ማንም አይናገር። አራተኛው ቀን ላይ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ወረደ፤ ወንዙ ሞላ፤ ወደ ድንጋዩ መሻገር አልተቻለም። እህታችን በኋላ እንደነገረችን ያን ማታ ስልኳን ደጋግማ አይታለች፣ ግን ቤት ውስጥ ማንንም አላስደነገጠችም፤ «ሕጉ ገና አንድ ቀን ነው» ብላ ሰግዳ ተኛች። ሱብሒ ሰግደን ወንዙ ሲጎድል ተሻግረን 2 ላክን። ከሁለት ደቂቃ በኋላ መልስ መጣ፤ አንዲት ቃል ብቻ፤ «አብሽሩ»።

ወሎ ውስጥ አብሽር የማይባልበት ቀን የለም። ለታመመም፣ ለከሰረም፣ ላዘነም እንለዋለን። ሥሩ ዓረብኛ ነው፤ መልካም ዜናን የሚያበስር ቃል ነው። ሰው ሲጨነቅ መጀመሪያ የሚፈልገው ዜና መሆኑን አባቶቻችን ከቃሉ ጋር ሰጥተውናል።

ተወኩልና ክትትል

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? አላህ ይጠብቃል አይበቃም ወይ?» ያለን ወንድም ነበር። አላህ ይጠብቃል፤ በዚህ አንጠራጠርም። ግመልን አስሮ ስለመመካት ያለውን ትምህርት ግን ሁላችንም ልጅ ሆነን ሰምተናል። የሙሳን (ዐ.ሰ.) እናት እናስታውስ። ልጇን ወደ ወንዙ የጣለችው ከጌታዋ በመጣ ቃል ነው፤ ይመለስልሻል የሚል ተስፋም ተሰጥቷታል። እንዲያም ሆኖ እህቱን «ተከታተይው» ብላ ላከቻት። ልጅቱም ከሩቅ ሆና እያየች ሄደች፤ ያየችውንም በጊዜው ተጠቀመችበት። ተስፋው ክትትሉን አላስቀረውም። በያዕቆብ (ዐ.ሰ.) በኩል ደግሞ የልጅ ወሬ መጥፋት የነቢይን ዓይን እንኳ እስከምን እንደሚያደርስ ተነግሮናል። የተጨነቀችን እናት «ኢማንሽ ደካማ ነው» ለማለት የሚቸኩል ሰው ይህን ታሪክ ደግሞ ይቅራ።

ብቻን መጓዝ እንደማይወደድ፣ ሦስት ሆነው ሲወጡ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ወሬ ሲመጣም ማጣራት ግዴታችን ነው። ባልሞተ ሰው ተዕዚያ የተቀመጠ ቤት ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። አንድ ጥንቃቄ እንጨምር፤ የሰው ቦታ አማና ነው። ወንድማችሁ የት እንዳለ ለተቀባዩ እንጂ ለፌስቡክ አይነገርም።

ስለዚህ ለጀመዓችን አንድ ሐሳብ አለን። ከመበተናችን በፊት የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍሉ በእህቶችም በወንድሞችም በኩል አንዳንድ ደብተር ይክፈት። አገር ቤቱ መስመር የማይገኝበት ተማሪ ስሙን፣ የሚሄድበትን መንገድ፣ ተቀባዩንና የዝምታ ሕጉን ያስመዝግብ። ደብተሩን የሚይዙት ሁለት ታማኝ ሰዎች ብቻ ይሁኑ፤ ስንመለስም ገጹ ይቀደድ። ወጪው የሁለት ደብተር ዋጋ ነው። የምዝገባውን ሥራ ለመጀመር ሦስታችንም ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በር ላይ እንገኛለን፤ ብዕር እናቀርባለን፣ ቁጥሮቹንም እናስረዳለን።

አላህ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፤ የጠፉትን ያስገኝልን፤ ሳንሸኛቸው ለሄዱት ይዘንላቸው። ኣሚን። ወቢላሂ ተውፊቅ።